ስለ ካርቱም ዴም ሠፈር አመሠራረትና ስለ ነዋሪዎቹ የጋራ ኑሮ



ስለ ከተማ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሕንፃው ቁመት፥ የመንገዱ ስፋትና የመብራቱ ብዛት ነው። ነገር ግን ቤቶቹ ተሠርተው ስላለቁ ብቻ አንድ ቦታ ሠፈር ሊባል አይችልም። ሠፈር የሚሆነው ልጅ በሌሊት ሲታመም በሩ የሚንኳኳ ጎረቤት፥ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ማኅበር፥ ልጆችም ሳይፈሩ በእግራቸው የሚደርሱበት ትምህርት ቤት ሲገኝ ነው። ይህን እውነት በግልጽ ከሚያሳዩት ቦታዎች አንዱ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የሚገኘው ዴም የተባለው ሠፈር ነው።

ዴም ለዚህ ንግግር የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ መንግሥት አስቀድሞ ነድፎና ለክቶ፥ ነዋሪዎቹን ከቀድሞ ቦታቸው አንሥቶ ያሠፈረበት በመሆኑ፥ ንድፍ ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ምን ሊያደርግ እንደማይችል ይገልጻል። ሁለተኛው፥ ለብዙ ዘመን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ለተሰደዱ ሰዎች ሁለተኛ አገር ሆኖ የኖረ ስለ ሆነ፥ ታሪኩ የኢትዮጵያንም መምህር የሚመለከት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርቱም ነጭ ዓባይና የእኛው ግዮን ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት አፍ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1821 ዓ.ም. የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን በያዘ ጊዜ እንደ ጦር ሠፈር ተጀመረች። በ1885 ዓ.ም. የማህዲ ሠራዊት ከተማይቱን ሲይዝ ጄኔራል ጎርዶን ተገደለ፤ ዋና ከተማነቱም ወደ ማዶው ወደ ኦምዱርማን ተዛወረ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ዓ.ም. ኪችነር በኦምዱርማን ጦርነት ድል ካደረገ በኋላ ግን እንግሊዞች ካርቱምን እንደ ገና በአዲስ ንድፍ ሠሩአት። መንገዶቹም ቀጥ ያሉና በማዕዘን የሚቈራረጡ ሆኑ፤ በመካከላቸው የሚያልፉት አግድም መንገዶች የእንግሊዝን ሰንደቅ ዓላማ እንዲመስሉ ታስበው ነበር የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። በ1910 ዓ.ም. አካባቢም የከተማው መሐንዲስ ዊልያም ማክሊን የካርቱምን የማስፋፊያ ፕላን አዘጋጀ። እርሱም በኋላ በ1918 ዓ.ም. የኢየሩሳሌምን ፕላን የነደፈው ሰው ነው።

በዚህ ንድፍ ውስጥ በወንዙ ዳር የቤተ መንግሥቱና የሹማምንቱ ቤቶች፥ ከዚያ ቀጥሎ የነጋዴዎቹ፥ ከዚያም የሌሎቹ ቦታ ተለይቶ ተመደበ። ጡቡን የሚሸከመው፥ መንገዱን የሚቈፍረው፥ በባቡር ጣቢያው ጭነት የሚያወርደው ሠራተኛ ግን ከከተማው በስተደቡብ በገዛ እጁ በሠራው የጭቃ ጎጆ ይኖር ነበር። ይህም ቦታ ዴም ተባለ። ዴም ማለት ቀድሞ የጦር ወይም የነጋዴ ጓዝ የሚያርፍበት ሠፈር ማለት ነው። በአማርኛም ሠፈር የሚለው ቃል ከመስፈር የመጣ መሆኑ፥ አዲስ አበባም ራሷ በመኳንንቱ ሠፈር የተጀመረች መሆኗ ሲታሰብ፥ የሁለቱ ከተሞች አጀማመር የቱን ያህል እንደሚቀራረብ ይታያል። በድሮዎቹ ዴሞች የተሰናበቱ ወታደሮች፥ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎችና የቀን ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። ዴም ተዓይሻ፥ ዴም በርቲ የሚባሉት ስሞች ሰዎቹ ከምዕራብ ሱዳን ነገዶች መካከል እንደ መጡ ይመሰክራሉ።

የሱዳን ከተሞች የመኖሪያ መሬት በደረጃ የተከፈለ ነበር። አንደኛ ደረጃ ሰፊ ቦታ፥ ረጅም የኪራይ ውልና በጡብ ወይም በድንጋይ የመሥራት ግዴታ ነበረው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ ቦታው እያነሰ፥ ውሉም እያጠረ ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ የአገሬው ሰው ማደሪያ ተብሎ የተመደበው ቦታ ነበር፤ ነዋሪውም የሚቀመጥበት በወር በወር በሚታሰብ ፈቃድ ነበር። የድሮዎቹ ዴሞች ዕጣ ይህ ነው። በወር ፈቃድ የሚኖር ሰው የኖረበት ዘመን ሠላሳ ዓመት ቢሞላም በሕጉ ፊት እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ዛፍ አይተክልም፤ ጕድጓድ አይቈፍርም፤ ልጁ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚጨርስ አያቅድም። የጭቃ ግድግዳውን እንኳ ለክረምቱ ያህል ብቻ ይለስነዋል እንጂ ለልጅ ልጁ ብሎ አያጠነክረውም። ስለዚህ የድሮው ዴም ጕስቍልና የነዋሪዎቹ ስንፍና ሳይሆን የውላቸው ማጠር ያመጣው ነበር ማለት ይቻላል።

ከጊዜ በኋላ ከተማው ወደ ደቡብ መስፋፋት ጀመረ። በ1909 ዓ.ም. በጥቁር ዓባይ ላይ የተሠራው ድልድይ ባቡሩን ወደ ካርቱም ካሻገረ ወዲህ ከሐዲዱ በስተደቡብ ያለው መሬት ዋጋው ከፍ አለ፤ ዴሞቹም በከተማው መስፋፊያ መንገድ ላይ ቆመው ተገኙ። ስለ ጤና ጥበቃም ብዙ አሳብ ነበር። ስለዚህ ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የድሮዎቹ ዴሞች እየፈረሱ፥ ነዋሪዎቹ ወደ ደቡብ ርቆ ወደ ተለካላቸው አዲስ ቦታ እንዲሄዱ ተደረገ። አዲሱ ዴም የተባለው ሠፈር በዚህ ዓይነት ተመሠረተ። ሱዳናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሳዕድ ኤድዲን ፈውዚ ይህን ፍልሰት መርምሮ በ1954 ዓ.ም. ስለ ድሮውና ስለ አዲሱ ዴም የጻፈው ጥናት በሱዳን የከተማ ኑሮ ጥናት ከቀደምቶቹ መካከል የሚቈጠር ነው።

መንግሥት መንገዱን ቀየሰ፥ መሬቱንም በየቤተሰቡ ለክቶ ሰጠ። እያንዳንዱ ቦታ 200 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ቤቱን መሥራት ግን የባለቤቱ ሥራ ነበር። እዚህ ላይ በካርቱም ፕላን ወረቀት ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ሥራውን ጀመረ፤ ይኸውም ሱዳኖች ነፊር የሚሉት፥ ኢትዮጵያዊው ደቦ ወይም ጅጌ የሚለው የመረዳዳት ልማድ ነው። የአንዱ ግድግዳ ሲነሣ ጎረቤቱ ጭቃ ያቦካል፤ በማግሥቱ ደግሞ ለዚያኛው እርሱ በተራው ይረዳል። ጃሎስ የሚባለው የጭቃ ግድግዳ ንብር በንብር እየተደረደረ፥ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው የማይጫንበት አሠራር በመሆኑ፥ ትዕግሥትና ብዙ እጅ የሚጠይቅ ነው። ጓሮው ሲታጠርም ቤተሰቡ የራሱ የሆነ ግቢ አገኘ። የይዞታውም ነገር እያደር እየጸና ሄደ፤ ሰዎቹም በጭቃው ፈንታ ቀይ ጡብ መሥራት፥ በግቢያቸውም ኒም የተባለውን ጥላ ያለው ዛፍ መትከል ጀመሩ። የወር እንግዳ የነበረው ሰው የሠፈር ሰው ሆነ።

ነገር ግን ፍልሰቱ ጕዳት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ሰዎቹ ወደው አልተነሡም፤ ከሥራ ቦታቸውም ራቁ። ቀድሞ በእግሩ ወደ ሥራው ይሄድ የነበረው ሰው መንገዱ በረዘመበት መጠን ጊዜውንና ገንዘቡን አጣ። ደግሞም የደረጃው ልዩነት አልጠፋም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። በ1956 ዓ.ም. ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ከዴም በስተምሥራቅ አዲሱ ማስፋፊያ ይባል የነበረው ሠፈር ተቀየሰ፤ እርሱም በኋላ አል ዐማራት ተባለ። ይህ ስም ምንም እንኳ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የታወቀ ቢመስል፥ በዓረብኛ ሕንፃዎች ማለት ነው። በዐማራት ሰፋፊ ቪላዎች፥ በቍጥር የሚጠሩ ጎዳናዎች፥ ኋላም ኤምባሲዎች ተሠሩ። ዴምንና ዐማራትን የሚለያቸው በግብፁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስም የተሰየመው የመሐመድ ነጂብ ጎዳና ነው። በአንድ ጎዳና ወዲህና ወዲያ የሦስተኛና የአንደኛ ደረጃ ልጆች ያድጉ ነበር። ግሪካዊው የከተማ ነዳፊ ዶክሲያዲስ በ1959 ዓ.ም. ለካርቱም ትልቁን ፕላን ባዘጋጀበት ጊዜ ይህ የደረጃ ክፍፍል በከተማው መሬት ላይ ሥር ሰዶ ነበር።

ታዲያ በየትኛው ሠፈር የጋራ ኑሮ ይበልጥ በረታ ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ብዙ ጊዜ በጠባቡ ቦታ ወደሚኖሩት ያደላል። በዴም የቤቱ በር በቀጥታ ወደ መንገድ ስለሚከፈት መንገዱ ራሱ የጋራ ሳሎን ሆኖ ነበር። በረመዷን ወር ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከየቤቱ ትሪ ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ያልታወቀ መንገደኛም እንኳ እጁን ተይዞ ሳይበላ እንዳያልፍ ይደረጋል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው በመንገዱ ላይ ነው፤ የቀብሩን ቤት ምግብ የሚያበስሉትም ጎረቤቶች ናቸው። ሴቶች ሰንዱቅ በሚሉት የገንዘብ ማኅበር በየተራ ይጣጣላሉ፤ ይህም ከኢትዮጵያው እቁብ ጋር አንድ ነው። ማክሊንም ሆነ ዶክሲያዲስ ይህን አልነደፉም፤ ሊነድፉትም አይችሉም ነበር።

ኢትዮጵያውያንም ወደ ዴም የመጡት ይህ በር ክፍት ሆኖ ስላገኙት ነው። የኢትዮጵያና የካርቱም ግንኙነት የቆየ ነው፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንኳ በ1940 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር መጥተው በካርቱም ከቈዩ በኋላ በጃንዋሪ 20 ቀን 1941 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኤርትራ በተነሣው ጦርነት፥ ቀጥሎም ከ1974 ዓ.ም. አብዮትና ከ1984ቱ ረኃብ የተነሣ፥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ከእነዚህም ወደ ዋና ከተማው የደረሱት ብዙዎቹ ቤት የተከራዩት በዴም ነበር። እንጀራ የሚጋገርባቸው ቤቶች፥ የአማርኛና የትግርኛ ዘፈን የሚሰማባቸው የቡና ቤቶች በሠፈሩ ተከፈቱ። ሱዳናዊውም ጀበና የሚለውን ቃል ከኢትዮጵያዊው ጋር ስለሚጋራ፥ ለቡናው ግብዣ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ብዙ ሱዳናውያን ዝግኒ በእንጀራ መብላት የለመዱት በእንዲህ ያለው ሠፈር ነው። ይህ ሁሉ ሲባል ግን የስደተኛው ኑሮ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው እንደ ድሮው የዴም ነዋሪ የወር እንግዳ ነበር፤ ፖሊስ በጠየቀው ጊዜ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባትም በወረቀቱ ላይ የተንጠለጠለ ጕዳይ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ መምህራን ይደርሳል። ሱዳን ለአስተማሪ ሥልጠና ትልቅ ስም ያላት አገር ናት። በ1934 ዓ.ም. በነጭ ዓባይ አጠገብ፥ ከዱዌም ከተማ አቅራቢያ የተመሠረተው የበኽት ኤር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ፥ ዕጩው መምህር ከገጠሩ ሕዝብ ኑሮ እንዳይለይ ታስቦ ሕንፃዎቹ ሳይቀሩ ቀላል ሆነው የተሠሩ ነበሩ። የዚህ አሠራር አሳብ፥ መምህር የሚያስተምረውን ልጅ ቤት ያላወቀ እንደ ሆነ የሚያስተምረው መጽሐፉን እንጂ ልጁን አይደለም የሚል ነበር። በካርቱም ዳርቻ ባሉት ሠፈሮችም ሕዝቡ መንግሥትን ብቻ ሳይጠብቅ በራሱ መዋጮ የመማሪያ ክፍል የመሥራት ልማድ ነበረው፤ ይህም የራስ በራስ ርዳታ ይባላል። ትምህርት ቤት ከአንድ አዲስ ሠፈር የመጀመሪያው የጋራ ንብረት ነው። ከተለያየ ነገድና ከተለያየ መንደር የመጡ ወላጆች በመጀመሪያ ስም ለስም የሚተዋወቁት ብዙ ጊዜ በልጆቻቸው ትምህርት ቤት በር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ በሌለበት ምን እንደሚሆን ለማየት ከዚያችው ከተማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በደቡቡ ጦርነትና በምዕራቡ ድርቅ የተፈናቀሉ ሰዎች በካርቱም ዙሪያ ጎጆአቸውን ቀለሱ። በኦገስት 1988 ዓ.ም. የወረደው ኃይለኛ ዝናብና ጎርፍ ደግሞ በጭቃ ቤት ይኖር የነበረውን እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለ መጠለያ አስቀረው። በ1990ዎቹም መንግሥት የተፈናቃዮቹን ጎጆዎች በግድ እያፈረሰ ወደ በረሃው ዳርቻ አዛወራቸው። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱን ነዋሪዎቹ ጃበሮና ብለው ጠሩት፤ ትርጕሙም አስገደዱን ማለት ነው። ዴም ውስጥ ሰዎቹ የቀድሞ ነገዳቸውን ስም ይዘው መጡ፤ በጃበሮና ግን የበደላቸውን ስም ለሠፈራቸው ሰጡት። አንድ ሠፈር በነዋሪው ልብ ውስጥ እንዴት እንደ ተመሠረተ ከስሙ በቀር የሚገልጽ ምስክር አይገኝም።

የዴም ጎረቤትነት ከሁሉ የበለጠ የተፈተነው በቅርቡ ነው። በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን ሕዝባዊ ተቃውሞ ሲነሣ በየሠፈሩ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፤ ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሺር ከሥልጣን ወረዱ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023፥ ማለት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፥ በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በካርቱም ተነሣ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቤቶች ተዘረፉ፤ ሕዝቡም ከከተማው ወጣ። በዴም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሌሎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ስደተኛ ሆኑ። ሠራዊቱ በማርች 2025 የካርቱምን መሐል መልሶ እስኪይዝ ድረስ ከተማው ሁለት ዓመት ያህል የጦር ሜዳ ሆኖ ቈየ።

በዚያ ጊዜ ለቀሩት ሰዎች ማን ደረሰላቸው? የየሠፈሩ ወጣቶች የአስቸኳይ ርዳታ ክፍሎች የሚባሉትን አቋቋሙ። ተካያ በሚባሉት የጋራ ማብሰያ ቤቶች ለተራበው ሁሉ ወጥና ገንፎ ይሠሩ ነበር፤ ለበሽተኛው መድኃኒት፥ ለመውጣት ለሚፈልገው መንገድ ያፈላልጉ ነበር። ይህን በማድረጋቸው ከመካከላቸው የታሰሩም የተገደሉም አሉ። በ2025 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ለእነዚህ ክፍሎች ተሰጠ። የነበራቸው ሀብት በረመዷን ትሪ፥ በለቅሶ ድንኳንና በሰንዱቅ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሲጠራቀም የኖረው መተዋወቅ ነው። መንግሥት በጠፋበት ቀን ሠፈሩ ነው የቀረው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ ዳርቻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ተሠርተዋል፤ ጀሞ፥ ቦሌ አራብሳ፥ ኮዬ ፈጬ የሚባሉት ስሞች ለመምህራን ሁሉ የታወቁ ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ የፒያሳ የቆዩ ሠፈሮች ፈርሰዋል። ያረጀ ቤት መታደሱ፥ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ መገኘቱ የሚመሰገን ነው፤ የድሮው ዴም ጎጆ ይናፈቅ የሚል የለም። ነገር ግን ቤት በዕጣ ሲደርስ ጎረቤት በዕጣ ይበተናል። አርባ ዓመት የቈየው እድር መዝገቡን ይዞ በአራት አቅጣጫ ይከፈላል። ሕፃኑም በዓመቱ እኩሌታ ከማያውቃቸው ልጆች መካከል ገብቶ ይቀመጣል፤ ለምን ዝም እንዳለም የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ከዴም ታሪክ የትምህርት ሰዎች ሦስት ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። መጀመሪያ፥ ሰው በሚነሣበት ቦታ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ በኋላ ሳይሆን ከቤቱ ጋር አብሮ እንዲታሰብ የትምህርት ሹማምንት በከተማ ፕላን ስብሰባ ላይ ድምፃቸውን ማሰማት ይገባቸዋል። ሁለተኛ፥ ርእሰ መምህሩ ከፈረሰ ሠፈር የመጡትን ልጆች ለይቶ ማወቅ፥ የሚቻል ሲሆንም የቀድሞ ጓደኞችን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ይችላል፤ ለዚህ በጀት አያስፈልገውም። ሦስተኛ፥ የትምህርት ቤቱ ግቢ በእሑድና በበዓል ቀን ለአዲሱ እድር ስብሰባ ቢከፈት፥ ወላጆቹ ቤት ብቻ ሳይሆን ሠፈር ያገኛሉ።

በዴም የተዘረፈው ቤት ጣሪያ ዛሬ በብዙ ቦታ የለም። ወደ ሠፈሩ የሚመለሱት ሰዎች ግድግዳውን እንደ ቀድሞው በነፊር ያነሡት እንደ ሆነ፥ ንብር በንብር፥ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ሳይጫን፥ ሠፈሩ እንደ ገና ይቆማል። ለዚህም የሚያስፈልገው ነገ የሚነቅላቸው እንደሌለ ማመን ነው። ይህን እምነት በሕግ የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ በልጆች ልብ የሚተክለው ግን መምህር ነው።